ተገዝቶ ያልታየ ፊልም፦ የፋሺስት ጣሊያን ግፍ፣ የቢቢሲ ዶክመንተሪና የ15 ዓመት ዝምታ

ጉዳዩ ባጭሩ

በኅዳር 1989 የእንግሊዙ ቢቢሲ አንድ ባለ ሁለት ክፍል ዶክመንተሪ አሳየ። ርዕሱ «ፋሺስት ሌጋሲ» ነው። የሚናገረው ጣሊያን በኢትዮጵያ፣ በሊቢያና በዩጎዝላቪያ ስለፈጸመችው የጦር ወንጀል ነው። ለንደን የነበረው የጣሊያን አምባሳደር ወዲያው ተቃውሞውን አሰማ። ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን መንግሥት ቴሌቪዥን ራይ ፊልሙን የማሳየት መብት ገዛ። የጣሊያንኛ ቅጂም ተዘጋጀለት። ከዚያ በኋላ ፊልሙ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ሰፋ ያለ ክፍሉ በጣሊያን ቴሌቪዥን የታየው በ2004 ነው። ያንን ያደረገውም ራይ ሳይሆን ላ ሰባት የሚባል የግል ጣቢያ ነው።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ዛሬ ብዙ ወጣቶቻችን ካሜራ ይዘው የጦርነት ትዝታ ለመቅረጽ መውጣታቸው ነው። ስለ ካሜራው፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ ኤዲቲንጉ ብዙ ይወራል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ማየት የማይፈልገው ሰው ጋ እንዴት እንደሚደርስ ግን የሚያወራ የለም ማለት ይቻላል። የዚህ ፊልም ታሪክ ትምህርት የሚሆነው እዚያ ላይ ነው።

የፊልም ሠሪዎቹን፣ የአምባሳደሩንና የጋዜጠኞቹን ስም አልጠቅስም። ከጣሊያን ወገን የምጠራው ትእዛዝ የሰጡትን የጦር አዛዦች ብቻ ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራው፦ አንድ ጦርነት፣ ሁለት ትዝታ

እኛ ዘንድ ታሪኩ ይታወቃል። የጣሊያን ጦር በጥቅምት 1935 መረብን ተሻገረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በተከዜ በኩል ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ መጣል ጀመረ። ጋዙን በጦርነት መጠቀም በ1925ቱ የጄኔቫ ስምምነት ተከልክሏል። ጣሊያንም ስምምነቱን ያጸደቀች አገር ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1936 ጄኔቫ ላይ ይህንኑ ለዓለም ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አቋረጧቸው።

ከዚያ የካቲት 12 መጣ። ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር የካቲት 19 ቀን 1937 ነው። ዛሬ የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለጣሊያን አልጋ ወራሽ ልጅ መወለድ ደስታ ተብሎ ለድሆች ምጽዋት ይታደል ነበር። አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም እንደራሴው ሮዶልፎ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ቀጥሎ አዲስ አበባ ላይ ሦስት ቀን ሰው ታረደ፣ ቤት ከነነዋሪው ተቃጠለ። በግንቦት ወር ደግሞ ተራው የደብረ ሊባኖስ ሆነ። ግራዚያኒ ገዳሙ ለቦምብ ጣዮቹ መጠጊያ ሆኗል ብሎ መነኮሳቱ እንዲረሸኑ አዘዘ፣ ጄኔራል ማሌቲ ፈጸመው።

ጣሊያን ውስጥ ግን ሌላ ትዝታ ነው የኖረው። «ጣሊያን ክፉ አይደለም፣ ጨካኙ ጀርመን ነው። እኛ መንገድና ድልድይ ሠርተን ነው የተመለስነው» የሚል። እውነት ለመናገር ይህ ነገር እኛም አገር አልፎ አልፎ ይሰማል። በአንድ የድሮ ድልድይ ላይ ስናልፍ «የጣሊያን ሥራ እኮ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ድልድዩ የተሠራው ለማን መኪናና ለምን ዓላማ እንደነበር ግን አይነሳም።

ትዝታው እንዲህ የተከፈለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍርድ አልነበረም። ጀርመኖች ኑረምበርግ ላይ ቀርበው ማስረጃው በአደባባይ ተነቧል። በጣሊያን ጉዳይ ግን እንዲህ አልሆነም። ኢትዮጵያ በ1946 ያቀረበችው ሰነድ የሞቱባትን ሰዎች ቁጥር 760,300 ያደርሰዋል። የ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን በጦር ወንጀል የሚጠረጠሩትን እንድታስረክብ ያዛል። ኢትዮጵያ የ10 ሰዎች ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን አቀረበች። የወረራውን ጦር የመራው ማርሻል ባዶሊዮና ግራዚያኒ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ኮሚሽኑም በ1948 አብዛኞቹ በክስ መዝገብ እንዲገቡ ተስማማ። ይሁንና እንግሊዝ ጉዳዩን አልወደደችውም። ባዶሊዮ በ1943 ወደ ተባባሪዎቹ መንግሥታት የዞረ ሰው ነው። የቀዝቃዛው ጦርነትም እየመጣ ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያ ላይ ለተሠራው ወንጀል አንድም ጣሊያናዊ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ቀረ። ግራዚያኒ በ1950 19 ዓመት ተፈርዶበታል። የተፈረደበት ግን ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው። በወራት ውስጥም ተፈታ።

ፍርድ ቤት ያልሠራውን ሥራ ፊልም ይሠራው ዘንድ ተጠበቀ። ይህ ከባድ ሸክም ነው።

ፊልም ሠሪዎቹ የገጠማቸው ችግር

የመጀመሪያው ችግር ምስሉ ነው። ስለዚያ ጦርነት የቀረው ተንቀሳቃሽ ምስል በአብዛኛው የፋሺስቱ መንግሥት የፊልም ተቋም የሉቼ ነው። ሉቼ ለዘመቻው ተብሎ የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል አቋቁሞ ነበር። ካሜራው መንገድ ሲጠረግ፣ ባላባት እጅ ሲነሳ፣ ሐኪም ሕፃን ሲያክም ይቀርጻል። የጋዙን ቁስል አይቀርጽም። ስለዚህ በእጅህ ያለው ምስል ብዙ ቢሆንም የሚናገረው አንተ ልትሞግተው የመጣኸውን ታሪክ ነው። የጋዙ ምስክርነት ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ በቀይ መስቀል ሐኪሞች ዘገባ፣ በስዊድኖች አምቡላንስ ታሪክ፣ በጦሩ በራሱ ቴሌግራም ውስጥ። ይህ ደግሞ ወረቀት ነው። ወረቀትን ፊልም ማድረግ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ቁጥሩ ነው። በየካቲት 12 የሞተው ስንት ነው? ኢትዮጵያ 30,000 ትላለች። የያኔው የጣሊያን ሪፖርት ወደ አንድ ሺህ ያወርደዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ጉዳዩን በዝርዝር ያጠኑ አንድ እንግሊዛዊ ተመራማሪ 19,000 ያህል ይላሉ። ክርክሩ ቁጥር ላይ ከወደቀ ተከላካዩ ደስ ይለዋል። አንዱን ቁጥር ካስጣለ ሁሉን ያስጣለ ይመስለዋልና።

ሦስተኛው ያኔ በሕይወት የነበሩት ዘማቾች ናቸው። ከእነሱ አንዱ በመላው ጣሊያን የሚከበር ጋዜጠኛ ነበር። «እኔ እዚያ ነበርኩ፣ ጋዝ አላየሁም» እያለ ለዓመታት ተከራክሯል። ስሙ የተከበረ ሰው «አላየሁም» ሲል ብዙ ሰው «አልነበረም» ብሎ ይሰማዋል።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ፊልሙ ይህን ሁሉ የተጋፈጠው በሰነድ ነው። አማካሪ ሆኖ የሠራው የታሪክ ተመራማሪ በእንግሊዝና በአሜሪካ ቤተ መዛግብት ውስጥ የቆየ ሰው ነበር። የጣሊያን የታሪክ ሊቃውንትም ካሜራ ፊት ቀርበዋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ነው። ከውጭ መጥቶ የሚከስስ ፊልም «የባዕድ ጥላቻ ነው» ይባላል። ጣሊያናዊው ምሁር በራሱ ቋንቋ ያንኑ ሲናገር ግን መልሱ ያን ያህል ቀላል አይሆንም።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው የሁለቱን ክፍሎች አከፋፈል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ወንጀሉን ያሳያል። ሁለተኛው ወንጀለኞቹ እንዴት እንዳመለጡ ይመረምራል። እዚያ ላይ ተጠያቂዎቹ ለንደንና ዋሽንግተን ናቸው። የእንግሊዝ ጣቢያ የእንግሊዝን መንግሥት ገበና ሳይሸፍን አቀረበ ማለት ነው። በቂም የሚከራከር ሰው የራሱን ቤት አይከፍትም። ይህ ፊልም የራሱን ቤት ስለከፈተ «የእናንተስ?» የሚለው ጥያቄ ከመነሳቱ በፊት መልስ አግኝቷል።

ሌላው እርምጃ ሦስቱን አገሮች አንድ ላይ ማቅረቡ ነው። በሊቢያ የቂሬናይካ በረሃ ካምፖች፣ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በዩጎዝላቪያ የአድሪያቲክ ባሕር የራብ ደሴት ካምፕ። ለየብቻ ቢታዩ እያንዳንዱ «የአንድ ክፉ አዛዥ ጥፋት» ሊባል ይችላል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ አሠራር እንደነበረ ይታያል። ግራዚያኒ ራሱ አዲስ አበባ ከመምጣቱ በፊት ሊቢያ ላይ ነበር፣ የሊቢያው አርበኛ ዑመር ሙኽታር በ1931 ሲሰቀል።

ለዚህ ምርጫ የተከፈለ ዋጋ ግን አለ። በአንድ ፊልም ሦስት አገር ሲገባ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ደቂቃ ጥቂት ነው። ደብረ ሊባኖስ ብቻውን አንድ ሙሉ ፊልም የሚፈልግ ጉዳይ ነው።

ያልሠራው

ፊልሙ ያልደረሰው ዋነኛው ተመልካቹ ጋ ነው። እንግሊዝ አየችው። ጣሊያን አላየችውም።

ራይ ፊልሙን አልከለከለም። ይህን ልብ በሉ። ክልከላ ቢኖር ጋዜጣ ይጮኻል፣ ፓርላማ ይጠይቃል። ከቢቢሲው ፊልም ስምንት ዓመት በፊት ስለ ዑመር ሙኽታር የተሠራው ትልቅ ሲኒማ ጣሊያን ውስጥ እንዳይታይ ሲደረግ ስለ እገዳው ለዓመታት ተወርቷል። እዚህ የሆነው ሌላ ነው። ፊልሙ በሕጋዊ መንገድ፣ በገንዘብ ተገዛ። የገዛው ሰው ደግሞ የማሳየት ግዴታ አልነበረበትም። እንዲህ ያለ ዝምታ የሚያስቆጣ ቀን የለውም፣ ሰልፍ የሚወጣበት በር የለውም። ከእገዳ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህኛው ነው።

እስከዚያው በጣሊያን ነገሩን ያንቀሳቀሱት መጽሐፍና ፓርላማ ናቸው። አንድ ጣሊያናዊ የታሪክ ጸሐፊ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የጋዙን ሰነድ ሲያሳትም ነበር። ሲሰደብ፣ ከሐዲ ሲባል ኖሯል። በመጨረሻ በየካቲት 1996 የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ለፓርላማ በሰጠው መልስ ጋዝ መጣሉን አመነ። ያ የተከበረ ጋዜጠኛም መሳሳቱን በአደባባይ ተናገረ። ይህን ሁሉ ያመጣው ፊልሙ አይደለም። ፊልሙ በሰዓቱ ታይቶ ቢሆን ግን ነገሩ በምሁራን ክርክር ብቻ አይወሰንም ነበር፣ ሰው ሁሉ እራቱን እየበላ ያየው ነበር።

የሚኒስትሩ መልስ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ በዚያው አለፈ። መንደር ድረስ አልወረደም። ማስረጃው ይኸው። በነሐሴ 2012 ከሮም ብዙም በማትርቀው አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተመረቀ። ከግንባታው ወጪ 127,000 ዩሮ ያህሉ ከላዚዮ ክልል የመጣ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ፊቱ ላይ «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ቃላት ተጽፈዋል። ጣሊያንና አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሰልፍ ወጡ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ አቤት አሉ። ክልሉ ገንዘቡን አገደ። በ2017 ከንቲባውና ሁለት የምክር ቤት አባላት ፋሺዝምን በማወደስ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ክርክሩ በይግባኝ ቀጠለ።

በኋላ የሠራው

የአፊሌ ነገር ሌላ ፊልም ወለደ። በ2015 ኒውዮርክ የሚኖር አንድ ወጣት ጣሊያናዊ ዳይሬክተር በመታሰቢያው ዙሪያ ዶክመንተሪ አወጣ። አካሄዱ ከቢቢሲው ፈጽሞ ይለያል። ከመዝገብ ቤት አልጀመረም፣ ከመንደሩ ነው የጀመረው። ግራዚያኒን «የኛ ልጅ» የሚሉትን የአፊሌ ሰዎች ቁጭ ብሎ ሰማ። ጣሊያን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን፣ አሜሪካ ያሉትን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉትንም ሰማ። ፊልሙ ጣሊያን ውስጥ ታየ። አገሪቱ ውስጥ የሚሠሩ የውጭ ጋዜጠኞች ማኅበርም በ2016 ሸለመው።

በዚያው በ2016 የጣሊያን ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ ጣቢያ ስለ ደብረ ሊባኖስ የራሱን ዶክመንተሪ ሠርቶ አቀረበ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መነኮሳት በካቶሊክ አገር ጦር ተረሸኑ። ከ79 ዓመት በኋላ የካቶሊክ ጳጳሳት ቴሌቪዥን ካሜራ ይዞ እዚያው ሄደ። ተመልካቹ የሚያምነው፣ የቤቱ የሆነ ጣቢያ ነው ያሳየው።

ሁለቱን አካሄዶች ሳወዳድር የቢቢሲው ፊልም በማስረጃ ይበልጣል፣ የኋለኞቹ በመድረስ ይበልጣሉ። የኋለኞቹ ግን ያለ ቀዳሚው የሰነድ ሥራ ይህን ያህል በልበ ሙሉነት መናገር አይችሉም ነበር።

ለሌላ ሥራ የሚወሰደው

የኛ ሰዎች ከዚህ ጉዳይ ብዙ ሊወስዱ ይችላሉ። ስለ ቀይ ሽብርም ይሁን ከ2020 እስከ 2022 ስለነበረው የሰሜኑ ጦርነት የሚሠራ ሰው ያንኑ ግድግዳ ነው የሚያገኘው። ሁሉም ወገን የራሱ ሙታን አለው። ሁሉም የራሱ ካሜራ ነበረው።

ሰነድ ሲገኝ ከአጥቂው ወገን የተጻፈው ይቅደም። በደብረ ሊባኖስ ጉዳይ የግራዚያኒ ቴሌግራም አለ። በመጀመሪያው ርሸና 297 መነኮሳት መገደላቸውን የሚገልጸው እሱ ራሱ ነው። ከዚያ ተመራማሪዎች ቦታው ድረስ ሄደው፣ ሽማግሌ ጠይቀው ጠቅላላውን ከ1,423 እስከ 2,033 አደረሱት። ቅደም ተከተሉ ይህ ሲሆን ተከላካዩ ክርክሩን የሚጀምረው «ተገድለዋል ወይ?» ከሚለው አይሆንም፣ «ከ297 ምን ያህል ይበልጣሉ?» ከሚለው ይሆናል። ቁጥር ሲቀርብም ማን እንደቆጠረ፣ መቼና በምን ዘዴ እንደቆጠረ አብሮ ይነገር። አንዱን ትልቅ ቁጥር ብቻ መርጦ ማሳየት ለጊዜው ያስደነግጣል፣ በኋላ ግን ፊልሙን ያስጥላል።

የድሮ ምስል ስትጠቀሙ ማን እንደቀረጸውና ለማን እንደቀረጸው ስክሪኑ ላይ ጻፉ። የሉቼን ምስል ዝም ብሎ ከሐዘን ሙዚቃ ጋር መቀጠል ታሪኩን ለፋሺስቱ ካሜራማን አሳልፎ መስጠት ነው። ለዛሬው ጦርነትም ያው ነው። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ሁሉ ባለቤት አለው፣ ዓላማም አለው።

በጣም ጥንቃቄ የሚፈልገው ደግሞ «ማን ተኮሰ?» የሚለው ነው። ደብረ ሊባኖስ ላይ ቃታውን የሳቡት በጣሊያን መኮንኖች ሥር የነበሩ የቅኝ ግዛት ወታደሮች ናቸው። አዛዦቹ ሆን ብለው ክርስቲያን ያልሆኑትን መረጡ። ይህ እውነት ነውና አይደበቅም። ነገር ግን ፊልሙ በአንድ ሃይማኖት ወይም ሕዝብ ላይ ጣቱን ቀስሮ ከወጣ የግራዚያኒን ዕቅድ ከ80 ዓመት በኋላ እየፈጸመለት ነው። የክፍለ ጦሩን ስም፣ የአዛዡን ስም፣ የትእዛዙን ቀን ተናገሩ። ጥፋቱ የትእዛዝ ሰንሰለቱ ነው። ዛሬ በብሔር ስም ለሚነገሩት የጦርነት ታሪኮች ከዚህ የበለጠ አስፈላጊ ነገር አላውቅም።

ውል ላይ ደግሞ አትፈሩ። ፊልማችሁን ጣቢያ ሲገዛው ደስ ይላል፣ ገንዘቡም ያስፈልጋል። ግን ውሉ ውስጥ «እስከዚህ ቀን ካልታየ መብቱ ለሠሪው ይመለሳል» የሚል አንቀጽ ይግባ። የሚመለከታቸው ማኅበረሰቦች ባሉበት ቦታ፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አዳራሽ፣ በውጭ ባሉ ማኅበራት የማሳየት መብትም በእጃችሁ ይቆይ። ተከሳሽ ከሚባለው ወገን ደግሞ አንድ አጋር ፈልጉ፦ ምሁር፣ ጋዜጠኛ፣ የሃይማኖት አባት። ከጅምሩ አብሮ ይሥራ እንጂ ካለቀ በኋላ «አስተያየት ስጥ» ተብሎ አይጠራ።

የመጨረሻው ስለ ምስክሮች ነው። የካቲት 12ን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ የሉም ማለት ይቻላል። ከብዙዎቹ የቀረው ፊልም ውስጥ የገባው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንድ እናት ጋር ሦስት ሰዓት ተቀምጣችሁ ከሆነ ሦስቱም ሰዓት ሳይቆረጥ ይቀመጥ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የጠያቂው ስምና የእሳቸው ፈቃድ ተጽፎበት። ስሜ አይነገር ካሉ ስማቸው ከቅጂው ተለይቶ ይቀመጥ። ቅጂውም በአንድ ሰው ቤት ብቻ አይሁን፤ አንዱ አገር ውስጥ ባለ ዩኒቨርሲቲ ወይም ቤተ መዛግብት፣ ሌላው ከአገር ውጭ ይቀመጥ። ሐሳባቸውን ቀይረው «አጥፉልኝ» ቢሉም የሚጠፋበት መንገድ ከመጀመሪያው ቀን ይነገራቸው።